ከውጭ መምጣቱ የቀረው የአውራ ጣት መምቻና የወለጋ ቀንድ

የአውራ ጣት መምቻ ክብደቱ ጥቂት ግራም ብቻ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ኬሻ ቡና ጋራ ሲተያይ ከምንም የማይቈጠር ነው። ሆኖም ጊታር ወይም ክራር የሚመታ ሰው ይህችን ትንሽ ዕቃ ባጣ ጊዜ መሣሪያው በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ ባለ ሱቁም መምቻውን ብቻ ሳይሆን ከመምቻው ጋራ ክሩን፥ የመሣሪያውን መያዣና ሌላውንም ሁሉ የሚገዛለትን ደንበኛ ያጣል። ስለዚህ የሙዚቃ ዕቃ ለሚያስመጡና ለሚቸረችሩ ነጋዴዎች የዚህ ዕቃ ከገበያ መጥፋት በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

በተለይ አስቸጋሪ የሆነው ስስ ንጣፍ በስስ ንጣፍ ላይ እየተጣበቀ የሚሠራው ድርብርብ መምቻ ነው። ይህ ዓይነቱ መምቻ በአንድ ወጥ ፕላስቲክ ከሚሠራው የሚለየው ሁለት ተቃራኒ ጠባዮችን በአንድነት በመያዙ ነው፤ ክሩን የሚነካው ምላሱ ጠንካራ ሲሆን በጣት ዙሪያ የሚጠመጠመው ቀለበቱ ደግሞ ሳይሰበር ይለጠጣል። ገዢው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ግን እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ትልቅ ፋብሪካ ሳይሆን አነስተኛ ሠሪ ነው። ሠሪው ሲያረጅ፥ መኪናው ሲበላሽ፥ ወይም ንጣፉን የሚያቀርብለት ድርጅት ሥራውን ሲተው ዕቃው ያለ ማስታወቂያ ይቋረጣል። አስመጪው ይህን የሚያውቀው ለላከው ትእዛዝ «ከእንግዲህ አይሠራም» የሚል መልስ ሲደርሰው ነው።

በወለጋ ከተሞች ላለ ባለ ሱቅ ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ወደ ጊምቢ፥ ወደ መንዲና ወደ አሶሳ፥ ወደ በደሌና ወደ ጅማ፥ እንዲሁም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ የሚሄዱት መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ስለሆነች ከእርስዋ ወዲያ ያሉት ገበያዎች ብዙ ዕቃ የሚጠብቁት ከእርስዋ ነው። በነቀምቴ ያልተገኘ ትንሽ ዕቃ በነጆ ወይም በደምቢ ዶሎ ይገኛል ብሎ ማሰብ ይቸግራል። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋና በቄለም ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ በስልክ ትእዛዝ መስጠት እንኳ አይቻልም ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ምንዛሪውን ለመድኃኒት፥ ለመለዋወጫና ለጎማ የሚፈልግ አስመጪ ለመምቻ ብሎ ሰነድ እንዲከፍት የሚጠብቀው ማንም የለም፤ ባይከፍትም አይፈረድበትም።

መምቻ ከምን ሊሠራ እንደሚችል ለማወቅ ፈረንጆቹ ራሳቸው በምን መንገድ እንዳለፉ መመልከት ይጠቅማል። ቀድሞ በአውሮፓና በአሜሪካ ከሁሉ የተመረጠው መምቻ የሚሠራው ከባሕር ኤሊ ቅርፊት ነበር። የዚህ ቅርፊት ንግድ ለአካባቢያችንም ወደብ እንግዳ አልነበረም፤ ከዳህላክ ደሴቶች አካባቢ የሚወጣው የኤሊ ቅርፊት ከዕንቁና ከዕንቁ ዛጎል ጋራ በምጽዋ በኩል ይሸጥ ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1870 ገደማ አሜሪካዊው ጆን ዌዝሊ ሃያት የዝሆን ጥርስን የሚተካ ነገር ሲፈልግ ከጥጥና ከካምፎር የሚዘጋጀውን ሴሉሎይድን ለሥራ አበቃ። በ1922 ደግሞ በኒው ዮርክ ሉዊጂ ዳንድሪያ መምቻን ከሴሉሎይድ እየቈረጠ መሸጥ ጀመረ። ኬንታኪያዊው ሜርል ትራቪስና ከእርሱ በኋላ የተነሣው ቼት አትኪንስ አውራ ጣታቸው ላይ መምቻ አድርገው ወፍራሞቹን ክሮች በአውራ ጣት፥ ቀጭኖቹን በሌሎቹ ጣቶች እየመቱ ስመ ጥር በሆኑ ጊዜ ይህ ዕቃ በብዙ አገር ፈላጊ አገኘ። በ1973 በዋሽንግተን የተፈረመው በመጥፋት ላይ ያሉ እንስሳትንና ዕፅዋትን የሚጠብቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት በሥራ ላይ ከዋለ በኋላም የኤሊው ቅርፊት ንግድ ተዘጋ። እንግዲህ የመምቻ ታሪክ ከመጀመሪያውም አንዱ ሲጠፋ ሌላውን የመተካት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ሴሉሎይድ እሳት ሲነካው ቦግ ብሎ የሚነድ መሆኑን ግን አሮጌ ዕቃ በመጋዘኑ ያለው ነጋዴ ሁሉ ሊያስታውሰው ይገባል።

በአገራችን መምቻ ከውጭ መምጣት የጀመረው በቅርቡ ነው። የበገና ደርዳሪዎች በጣታቸው ከመደርደር ሌላ ድኅንጻ በሚባል ከቀንድ ወይም ከእንጨት በተሠራ መምቻም ይጠቀማሉ። ክራርም፥ አምስት ክር ያለው ቢሆን ስድስት፥ በሁለት መንገድ ይመታል፤ አንደኛው ክሩን አንድ በአንድ በጣት መቃኘት ሲሆን ሁለተኛው በቀኝ እጅ መምቻ ይዞ ክሮቹን ሁሉ በአንድነት እየገረፉ የማይፈለገውን ድምፅ በግራ እጅ ጣቶች ማፈን ነው። እነካሳ ተሰማ፥ እነሜሪ አርምዴና እነአስናቀች ወርቁ ስማቸውን ያስጠሩበት ይህ መሣሪያ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ብዙ ነገሩ ተለውጧል። ከጅማትና ከአንጀት ይገመድ የነበረው ክሩ በናይለንና በሽቦ ተተክቷል፤ ለዓሣ ማጥመጃ የመጣ የናይለን ገመድ የክራር ክር ሆኖ ሲያገለግል ማየትም የተለመደ ነው። ክሩ ሲለወጥ ማንም አላለቀሰም። የሽቦ ክር ግን መምቻን ቶሎ ይበላል፤ ስለዚህ ጠንካራ መምቻ የሚፈልጉ የክራር ተጫዋቾች ከቀድሞው ይልቅ በዝተዋል።

በወለጋ ከክራሩ ሌላ ጊታርም ብዙ ወዳጅ አለው። በ1951 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተብላ የተመሠረተችው ቤተ ክርስቲያን በዚህ አገር ብዙ ምእመናን አሏት፤ የመዘምራን ጓዶችዋም በጊታር ይገለገላሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በሁለት ጣት የሚያዘውን ጠፍጣፋ መምቻ የሚጠቀሙ ናቸው፤ የአውራ ጣቱን የለመደ ሰው ግን ወደ ጠፍጣፋው እንዲመለስ ቢመከር እሺ አይልም። መምቻው ከእጁ አይወድቅበትም፥ ሌሎቹም ጣቶቹ ለሥራ ነጻ ይሆኑለታልና።

ምትኩ ከወዴት ይምጣ ቢባል መልሱ በየቄራው በር ተከምሮ ይገኛል። ኢትዮጵያ ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ያላት፥ በዚህም ከአፍሪቃ አገሮች ቀዳሚ የሆነች አገር ናት። ወለጋ ደግሞ በሆሮ ስም የሚጠራው የሆሮ ከብት አገር ነው፤ ቀንድ አለዝቦ መሥራትም ለሕዝቡ እንግዳ ጥበብ አይደለም። ጠጅና ጠላ የሚቀዳበትን ዋንጫ የሚቀርጹ ባለ እጆች የቀንድን ጠባይ ከማንም መሐንዲስ አብልጠው ያውቃሉ። በአዲስ አበባም ቀንድን ወደ ማንኪያ፥ ወደ ማበጠሪያና ወደ ጌጥ የሚለውጡ አሉ። መምቻ ግን ማንም አላዘዛቸውም፤ ያላዘዘውም ነጋዴው ነው።

ቀንድ ለዚህ ሥራ የሚስማማው በዕድል አይደለም። ቀንድ እንደ ሰው ጥፍር ኬራቲን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው፤ በውስጥ ባለው አጥንት ዙሪያ በየጊዜው ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየደረበ ያድጋል። እንግዲህ ፋብሪካው በማጣበቂያ ያደርገው የነበረውን መደራረብ በሬው በመስክ ላይ ሲግጥ ሠርቶት ይመጣል። የጥፍር ዘመድ በመሆኑም ክሩን ሲነካው የሚሰጠው ድምፅ በጥፍር ከሚወጣው ድምፅ ጋራ ይቀራረባል፤ ከፕላስቲክ የሚመርጡትም ስለዚህ ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት እንጂ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ቀንዱ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ወይም ተቀቅሎ ውስጠ አጥንቱ ከወጣለት በኋላ ድፍን የሆነው ጫፉና ስስ የሆነው የግርጌው ከንፈር ይቈረጣሉ። የቀረው መካከለኛ ክፍል በርዝመቱ አንድ ጊዜ በመጋዝ ይሰነጠቅና በፈላ ውኃ ውስጥ እስኪለዝብ ይቈያል። ከዚያ በፒንሳ ተከፍቶ በሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች ወይም ጠንካራ ሳንቃዎች መካከል በሞርሳ ይጠበቅና ፈጽሞ እስኪበርድ ድረስ ይተዋል። ቸኩሎ የፈታ ሰው ቀንዱ ተመልሶ ሲጠቀለልበት ያያል። በቀጥታ እሳት ላይ የሚያለዝቡም አሉ፤ ነገር ግን የተቃጠለ ጠጕር ሽታ ከሸተተ ቀንዱ ተጎድቷል፥ ኋላም ንጣፍ ንጣፉ እየተላቀቀ ይቀረፋል።

ከተዘረጋው ቀንድ ላይ የሚቈረጠው ቅዳጅ ርዝመቱ ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር፥ ስፋቱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። ቅዳጁ መቈረጥ ያለበት ቀንዱ ባደገበት አቅጣጫ፥ ማለት ከግርጌ ወደ ጫፍ ነው፤ የቀንዱ ጭረት ከቀለበቱ ጋራ ዙሮ እስከ ምላሱ ጫፍ ሊደርስ ይገባዋልና። ዋንጫ የሚቀርጽ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ቀንዱን በአግድም ቈርጦ የተፈጥሮ ቀለበት ማውጣትን ነው፤ ይህም ሲያዩት የሚያምር፥ ሥራውንም የሚያቃልል ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ በተቈረጠ ቀለበት ላይ ጭረቱ ቀለበቱን ያቋርጠዋል እንጂ አብሮት አይዞርም፤ ስለዚህ ጣት ሲያስገቡበት ጥቂት ቢለጠጥ እንደ ደረቀ እንጨት ይሰነጠቃል።

ቅዳጁ በሞረድ ተፍቆ ውፍረቱ በምላሱ በኩል 1 ሚሊ ሜትር ተኩል፥ በቀለበቱ በኩል 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን እንደገና በፈላ ውኃ ለዝቦ በክብ እንጨት ላይ ይጠመጠማል፥ በክርም ታስሮ ይበርዳል። ቀንድ ሲፈታ ጥቂት ስለሚከፈት እንጨቱ ከተፈለገው ጣት ትንሽ የቀጠነ መሆን አለበት። ምላሱ ወደ ውጭ ዘወር ካለ በኋላ ጫፉ ይሞረዳል፤ ለናይለን ክር ዙሪያው ይለሰልሳል፥ ለሽቦ ክር ደግሞ ወፈር ብሎ ይተዋል። በብርጭቆ ወረቀት ከተፈተገ በኋላ በዘይት በታሸ አመድና በቁራጭ ቆዳ ሲወለወል ጥቁሩ ቀንድ እንደ መስተዋት ያበራል። የማር መልክ ያለው ቀንድ ግን ከሁሉ ይበልጥ ተፈላጊ ነው፤ ብርሃን ሲያሳልፍ የኤሊን ቅርፊት ይመስላልና ፈረንጆችም ቀድሞ ይህንኑ ቀንድ ቀለም እየነከሩ የኤሊ ነው ብለው ይሸጡት ነበር።

ባለ እጁ ቀለበቱን ማጠፍ ካስቸገረው ሌላ ብልሃት አለ። ምላሱን ብቻ ከቀንድ አውጥቶ ቀለበቱን ከቆዳ መሥራት ይቻላል። ቀንዱ በሁለት ስስ ቆዳዎች መካከል ገብቶ በማስቲሽ ይጣበቅና በሰም በተሠራ ክር ይሰፋል። ቆዳው ጣትን አይቈርጥም፥ እንደ ጣቱ መጠንም ይሰፋል ይጠባል፤ የቀረውን ድርብርብ መምቻ በጠባዩ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ምናልባት ይህ ነው። ጫማ ሰፊና ቀንድ ቀራጭ በአንድ ገበያ ውስጥ በሚገኙበት አገር ይህን ማሠራት የሚከብድ አይመስልም።

ከፕላስቲክ ቁራጭ ለመሥራት የሚሞክሩም አሉ። ከጀሪካን የተቈረጠው ለስላሳ ስለሆነ ክሩ ቶሎ ይበላዋል፥ ድምፁም የደነዘዘ ነው። የውኃ መስመር የሚዘረጋበት ጠንካራው የፒ.ቪ.ሲ. ቧንቧ ይሻላል፤ በጣም በጋለ ውኃ ውስጥ ለዝቦ የተፈለገውን ቅርጽ ይይዛል፥ ተማሪም በቤቱ ሊሠራው ይችላል። እርሱን ግን በእሳት ላይ ማለዘብ አይገባም፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ከቀንዱ አገኛኘት ጋራ የተያያዘ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። አባ ሰንጋ የሚባለው የከብት በሽታ በሞተው ከብት ቆዳ፥ ጠጕርና አጥንት፥ በቀንዱም ላይ ሊቈይና ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል፤ የበሽታውም ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራል፥ ተራ መቀቀልም ሁልጊዜ አያጠፋውም። ስለዚህ በሜዳ ሞቶ ከተገኘ ከብት ቀንድ መግዛት ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባል፤ የሚገዛው ሐኪም መርምሮት በቄራ ከታረደ ከብት ብቻ ነው። ሲሞረድ የሚወጣው ትቢያም ለሳንባ የማይበጅ ስለሆነ ሠሪው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፥ ቀንዱንም እያረጠበ ይሞርድ። ይህን ወጪ ቈጥቦ ሠራተኛውን ያሳመመ ነጋዴ ከምንዛሪ ያተረፈውን ለሆስፒታል ይከፍለዋል።

አሁን ወደ ንግዱ ስንመጣ፥ የዚህ ዕቃ ገበያ ትንሽ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ መልካም ነው። በመምቻ ብቻ ሀብታም የሆነ የለም። ባለ ሱቁ የሚጠቀመው ደንበኛውን ባለማጣቱ ነው፤ ባለ እጁም የሚጠቀመው ከዋንጫ ሥራ የሚተርፈውን ቁራጭ ወደ ገንዘብ በመለወጡ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ብዙው እንደሚበላሽ ተገምቶ ዋጋው በተቀበሉት ልክ በፍሬ ቢዋዋሉ ለሁለቱም ይሻላል። የቀረው የውጭ መምቻ አንድ እንኳ በሱቁ ተርፎ ከሆነ መሸጥ የለበትም፤ ለናሙና ይቀመጥ፤ ሠሪውም በዐይኑ አይቶ፥ በእጁ ዳስሶ እንዲሠራ ይሰጠው። በቃል ተነግሮት የሠራና ናሙና አይቶ የሠራ አንድ አይደሉም። መጠኑም የቀለበቱ ስፋት 18፥ 20 እና 22 ሚሊ ሜትር ሆኖ በሦስት ቢከፈል አብዛኛውን ጣት ያዳርሳል።

ዕቃው ሲረከቡት ወዲያው መሸጥም መልካም አይደለም። ቀንድ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው ወደ ቀድሞ መልኩ ለመመለስ ይሞክራልና አንድ ሳምንት በኪስ ተይዞ የከፈተና ያልከፈተው ተለይቶ ይታይ። የከፈተው ዳግመኛ ለዝቦ ይታጠፋል። ለገዢውም በፀሐይ የጋለ መኪና ውስጥ እንዳይተወውና ውኃ ውስጥ እንዳያሳድረው፥ በየጊዜውም ጥቂት ዘይት እንዲቀባው ቢነገረው ቅሬታ ይቀንሳል። በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጠውን ቀንድ ብል ስለሚበላው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ።

ወደ ውጭ አገር የመላክ አሳብ ያለው ላኪም ሊኖር ይችላል። የቀንድ መምቻ በውጭ አገር ገዢ አለው፤ በዚያ የሚሸጠው ብዙው የጎሽ ቀንድ ነው። የቤት ከብት ቀንድ በዓለም አቀፉ ስምምነት አልተከለከለም፤ የድኩላ፥ የዋልያ ወይም የሌላ ዱር እንስሳ ቀንድ ግን ከዚህ ሥራ ጋራ እንዳይቀላቀል ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያም ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ተቀባዩ አገር ከእንስሳ ለተገኘ ዕቃ የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት ሊጠይቅ ስለሚችል ይህን ገዢው ከማዘዙ በፊት በደብዳቤ ማረጋገጥ ይሻላል፤ በዋጋ ዝርዝሩም ላይ «ቀንድ» ብቻ ብሎ መጻፍ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ያስነሣልና «ከቄራ የተገኘ፥ ተቀቅሎ የተሠራ የበሬ ቀንድ» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ ምላሱ በመንገድ እንዳይሰበርም እያንዳንዱ መምቻ በክብ እንጨት ላይ ተሰክቶ ይታሸግ።